ብዙ ሰው ወይስ ትርፍ ሰው? የማልተስ ሕይወት ከዴራ ሲታይ

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደ ትውልድ ቦታዬ ወደ ዴራ ወርጄ ነበር። ዴራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ዝናብ የሚሰስትባት የአርሲ ቆላማ ከተማ ናት። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት አባቶች ጨዋታቸው ሁሉ አንድ ነበር። ሰው በዛ፣ መሬት ጠበበ፣ ልጅ የሚያርሰው አጣ ይላሉ። ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ይህንኑ ጽፎ ዓለምን ያነጋገረውን እንግሊዛዊ ቄስ አስታወሱኝ።

ቶማስ ሮበርት ማልተስ እ.ኤ.አ. በ1766 በደቡብ እንግሊዝ፣ በሱሪ ግዛት፣ ከደህና ቤተሰብ ተወለደ። ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ በመወለዱ ንግግሩ ዕድሜውን ሙሉ ጥርት ያለ አልነበረም። ይህ ግን በካምብሪጅ ሒሳብ ከመማርና ከመቀሰስ አላገደውም።

አባቱ ዳንኤል የፈላስፋው የሩሶ አድናቂ ነበር። የሰው ልጅ ኑሮ እየተሻሻለ ይሄዳል ብሎ ያምን ስለነበር ከልጁ ጋር ሙግት ገጠመ። በ1798 ማልተስ ስሙን ሳይጠቅስ ያሳተመው ስለ ሕዝብ ብዛት የሚያትተው ድርሰት የተወለደው ከዚህ ሙግት ነው። ስሌቱ አጭር ነው። ሕዝብ ካልተገታ በየ25 ዓመቱ እጥፍ እየሆነ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ ይሄዳል፤ ምግብ ግን 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ ነው የሚያድገው። ልዩነቱን የሚያጣፉት ረሃብ፣ በሽታና ጦርነት ናቸው።

በ1803 መጽሐፉን እጅግ አስፍቶ፣ በዚህ ጊዜ በስሙ አወጣው። ሰው ቤተሰብ ማስተዳደር እስኪችል ጋብቻውን ያዘግይ የሚል ምክርም ጨመረበት። እርሱ ራሱ ያገባው በ38 ዓመቱ ነው፤ ሦስት ልጆችም ወለደ። ከ1805 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኞቹን በሚያሠለጥንበት ኮሌጅ ታሪክና ፖለቲካል ኢኮኖሚ አስተማረ። የቀረቡት ሰዎች ደግና ትሁት ሰው እንደነበረ መስክረዋል።

ይሁን እንጂ ሕግ ለተማርኩት ለእኔ እንቅልፍ የሚነሳኝ በዚያው በ1803 እትም ውስጥ ያለ አንድ አንቀጽ ነው። ዓለም በባለቤቶች ተይዛ ካለቀች በኋላ የተወለደ፣ ወላጆቹ ሊያበሉት ያልቻሉ፣ ጉልበቱንም የሚፈልግ የጠፋ ሰው ቁራሽ እንጀራ የመጠየቅ መብት የለውም ይላል። ማልተስ በ1806 አንቀጹን ከመጽሐፉ አወጣው። ሐሳቡ ግን ከሰው ልብ አልወጣም። በ1834 የወጣው የእንግሊዝ የድሆች ሕግ የእርዳታን በር አጠበበ። ማልተስ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አረፈ። ከ11 ዓመት በኋላ የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲመታ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ እህል ግን ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም።

ዓለም በባለቤቶች የተያዘች የምትለዋ ነገር ለእኔ የቤቴ ታሪክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው ካዱ በጭላሎ አውራጃ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስፋፋ። እርሻው ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ ነቀሉት። አባቴም ከኢተያ በላይ የሚያርሰውን ማሳ ለቅቆ ዴራ የሰፈረው ያኔ ነው። ሕዝቡ በአንድ ክረምት እጥፍ አልሆነም፤ ስንዴውም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። አባቴን ትርፍ ሰው ያደረገው የመሬት ሕጉ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር፣ ያው ሰው በዚያው አገር ባለይዞታ ሆነ።

የሕዝብ ጥግግት ቁጥር ነው፤ ሰውን ለካሬ ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው። ሕዝብ ከመጠን አለፈ ማለት ግን ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። በ1999ኙ ቆጠራ በጌዴኦ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር። እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን አንድ ላይ አሳድጎ ያን ያህል ሰው የተሸከመውን ያን መልክዓ ምድር ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያው ዓመት ከብቶቹ በድርቅ ያለቁበት ቦረና ግን ሰፊና ሰው የሳሳበት አገር ነው።

ማልተስን ጨርሼ አልጥለውም። በ1976 ዓ.ም. 42 ሚሊዮን ያህል የነበርነው በ1999 ዓ.ም. 74 ሚሊዮን ገደማ ደርሰናል። ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል መጥበቡ የማይካድ ነው። የቤተሰብ ምጣኔም ያስፈልጋል፤ በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲም ይህንኑ ይዟል። ነገር ግን መስኖ ላልደረሰው፣ ከእርሻ ውጪ ሥራ ላልተፈጠረለት ወጣት ጥፋቱ መወለድህ ነው ማለት፣ ማልተስ ራሱ ያወጣውን አንቀጽ መልሶ መጻፍ ነው።

ዴራ ድንኳን ውስጥ ውሃ ሲያድሉ የዋሉት ልጆች ብዙ ነበሩ። ሁሉም ጉልበት አላቸው፣ ሁሉም ተምረዋል። ሰው በዛ ከማለታችን በፊት፣ ለየትኛው ሕግና ለየትኛው አሠራር በዛ ብለን እንጠይቅ።