ሎርድ ኬልቪን፦ የባሕር ሥር ሽቦ ያከበረው ፕሮፌሰር

የዲፓርትመንታችን ተማሪ ሁሉ ኬልቪንን ያውቀዋል። ሴንቲግሬዱ ላይ 273 ደምረን፣ ከጎኑ «ኬ» ጽፈን እናልፋለን። ሰውየው ግን ከፈተና ወረቀት ውጪ ሌላ ሕይወት ነበረው። ፕሮፌሰር ሆኖ ሳለ መርከብ ተሳፍሮ ውቅያኖስ ላይ ከርሟል፣ ከኩባንያዎች ጋር ውል ተዋውሏል፣ ፓተንት አስመዝግቧል፣ በዚህም ደህና ሀብት አፍርቷል። ምርምርና ኢንዱስትሪ ይገናኙ የሚለውን ነገር በየስብሰባው ስለምንሰማ፣ ይህ መገናኘት አንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሆነ ማየት ይጠቅማል ብዬ ነው ታሪኩን ያነሳሁት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትውልድ ስሙ ዊልያም ቶምሰን ነው። በ1824 አየርላንድ ውስጥ ቤልፋስት ከተማ ተወለደ። እናቱን ገና በልጅነቱ በ1830 አጣ። አባቱ የሒሳብ መምህር ነበር፤ በ1832 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲያደርገው ልጆቹን ይዞ ወደ ስኮትላንድ ተሻገረ። ዊልያም በ10 ዓመቱ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገባ። (እኛ በዚያ ዕድሜ ብይ ላይ ነበርን።) ከዚያ ካምብሪጅ ተማረ፣ በ1845 ሲጨርስ በሒሳብ ሁለተኛ ወጣ፣ ቀጥሎ ፓሪስ ሄዶ በሬኞ ቤተ ሙከራ የእንፋሎትን ጠባይ በጥንቃቄ መለካት ተማረ። በ1846፣ በ22 ዓመቱ፣ ግላስጎው የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። ወንበሩን የለቀቀው ከ53 ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። በ1854 ቶምሰን ስለ ባሕር ሥር ቴሌግራፍ ማሰብ ጀመረ። ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ሽቦና ባሕር ውስጥ የተኛ ኬብል አንድ አይደሉም። ኬብሉ መሃሉ መዳብ ነው፣ መዳቡ ጉታ ፐርቻ በሚባል እንደ ጎማ ባለ ነገር ተሸፍኗል፣ ከውጭ ደግሞ የባሕር ውኃ አለ። ይህ እንግዲህ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የምናውቀው ካፓሲተር ነው፤ ርዝመቱ ብቻ ነው በሺህ ማይል የሚቆጠረው። በዚህ ጫፍ የተላከው ምት በዚያኛው ጫፍ ተለጥጦና ደክሞ ይደርሳል። ቶምሰን ሒሳቡን ሠርቶ መዘግየቱ ከርዝመቱ ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ አሳየ። ኬብሉ እጥፍ ከረዘመ መዘግየቱ 4 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። መፍትሔውንም አብሮ ተናግሯል፦ መዳቡም ሽፋኑም ወፈር ይበሉ። ይህን በ1855 አሳተመው። ማንም አንብቦ በነፃ ሊጠቀምበት ይችል ነበር።

ማን ይስማ! በ1856 አውሮፓንና አሜሪካን በኬብል የሚያገናኝ የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ኩባንያ በ350,000 ፓውንድ ካፒታል ተቋቋመ። የኤሌክትሪክ ኃላፊው ዋይልድማን ኋይትሃውስ በሙያው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሲሆን፣ በራሱ ሙከራ ተማምኖ የቶምሰን ሕግ ለእውነተኛ ኬብል አይሠራም ብሎ ተከራከረ። ለኩባንያውም ይህ ክርክር ይመቸው ነበር። ቀጭን መዳብ ርካሽ ነዋ! ቶምሰን በ1856 መጨረሻ በስኮትላንድ ባለአክሲዮኖች ተመርጦ ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ሲሆን ኬብሉ ታዝዞ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሰው ተቆጥቶ ይወጣ ነበር። ቶምሰን ግን መጠኑን መቀየር ካልቻልኩ መዳቡን ልመርምር አለ። በዩኒቨርሲቲው አንድ የድሮ የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ምድር ቤት ይዞ ቤተ ሙከራ አድርጎት ነበር። የሚሠሩለት በፈቃደኝነት የመጡ ተማሪዎች ናቸው፤ ደመወዝ የለም። በ1857 ከተለያዩ ፋብሪካዎች የመጡ የመዳብ ሽቦዎችን ሲለኩ ጉድ ወጣ። በዓይን ሲያዩዋቸው አንድ የሚመስሉት ሽቦዎች ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ተገኘባቸው። ምክንያቱ የመዳቡ ንጽሕና ነው፤ ጥቂት ባዕድ ነገር ከገባበት ይበላሻል። እስከዚያ ድረስ መዳብ መዳብ ነው ተብሎ ነበር የሚገዛው። አብዛኛው ኬብል ተሠርቶ ስላለቀ ለእሱ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ በኋላ ለተጨመረው ግን የማስተላለፍ አቅሙ በውል ተጽፎ ፋብሪካው ውስጥ ሽቦው እየተለካ መቀበል ተጀመረ።

እኔ ከጠቅላላ ታሪኩ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። የስኩዌር ሕጉ ከመዳቡ ልኬት የበለጠ ጥልቅ ነው፤ ሆኖም ሕጉን አንድም ነጋዴ አልገዛውም። ነጋዴ የገዛው ይህ ሽቦ ያልፋል፣ ያ ይወድቃል የሚል ልኬት ነው።

በ1857 የበጋ ወራት የመጀመሪያው ሙከራ ሲደረግ ኋይትሃውስ አሞኛል ብሎ ቀረ፤ ቶምሰን በእሱ ቦታ ያለ ክፍያ ተሳፈረ። ኬብሉ ተበጠሰ። በ1858 እንደገና ወጡ፤ ቶምሰን አሁን የመስታወት ጋልቫኖሜትሩን ይዟል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በጣም ትንሽ መስታወት ከማግኔት ጋር በክር ይንጠለጠላል፣ ደካማ ከረንት ሲያልፍ ትንሽ ይዞራል፣ ከመስታወቱ የሚንጸባረቀው ብርሃን ግን መለኪያው ላይ ብዙ ይሄዳል። በኦገስት 1858 ኬብሉ ሁለቱን አህጉሮች አገናኘ፤ ሕዝቡ ርችት ተኮሰ። የንግሥት ቪክቶሪያን ወደ 100 ቃል የሚሆን መልእክት ለማስተላለፍ ግን 16 ሰዓት ያህል ፈጀ። ኋይትሃውስ ደግሞ በትልልቅ መጠቅለያዎቹ እስከ 2,000 ቮልት ይለቅበት ነበር። ቀድሞውንም ደካማ የነበረው ኬብል በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዝም አለ። የባለአክሲዮኖቹ ገንዘብም አብሮ ባሕር ገባ።

ከዚህ በኋላ መንግሥትና ኩባንያው በጋራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ቶምሰንም ቀርቦ አስረዳ። የኮሚቴው ሪፖርት በ1861 ወጣ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር የኤሌክትሪክ መለኪያ ስታንዳርድ የሚያወጣ ሌላ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኦም የምንለው አሃድ የመጣው ከዚህ ሥራ ነው። ስታንዳርድ ከሌለ ገዢና ሻጭ በምን ይግባባሉ?

ቶምሰንም ተለወጠ። በ1865 ከፍሊሚንግ ጄንኪንና ከክሮምዌል ቫርሊ ጋር ሽርክና ገባ። የሦስቱም ፓተንቶች በአንድ ላይ ተደረጉ፤ ረጅም ኬብል በደንብ ላሠራ የሚል ኩባንያ እነሱን ሳያነጋግር ማለፍ አስቸጋሪ ሆነበት። በ1866 ግሬት ኢስተርን የተባለችው ግዙፍ መርከብ በወፍራም መዳብ የተሠራ ኬብል አድርሳ አገናኘች። ቶምሰን ሰር ተባለ። ቀጥሎ በ1867 መልእክቱን በቀለም ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ፓተንት አወጣበት፤ ከጄንኪን ጋርም ለሌሎች ኩባንያዎች አማካሪ መሐንዲስ ሆኖ ሠራ። በ1870 ላላ ሩክ የተባለች 126 ቶን የመዝናኛ መርከብ ገዛ። ከዚያ የመርከብ ኮምፓስና ባሕር ጥልቀት መለኪያ መጡ። ፓተንቶቹ ወደ 70 ደረሱ። መሣሪያዎቹን የሚሠራለት ግላስጎው ያለው የጄምስ ኋይት ወርክሾፕ ነበር።

ተማሪዎቹስ? ገንዘቡ የፕሮፌሰሩና የሸሪኮቹ ነው፤ በዚያ ምድር ቤት መዳብ የለኩት ልጆች ድርሻ አልነበራቸውም። ይህ አይዋጥልኝም። በሌላ በኩል ደግሞ ቤተ ሙከራው ሙያተኛ አፍርቷል፤ ለምሳሌ ዊልያም ኤርተን ለሕንድ ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ተመልምሎ፣ ከቶምሰን ዘንድ እንዲማር ተልኮ ነበር።

የባለሙያ ምክር ውድ ስለሆነ ብቻ ልክ አይሆንም። በ1890 የናያጋራን ፏፏቴ ኃይል በምን ዓይነት ዘዴ እናውጣ ለሚለው ጥያቄ የዓለም አቀፍ ኮሚሽን ሰብሳቢ ሆነ። እሱ የሚደግፈው ቀጥተኛ ከረንትን ነበር፤ ተለዋዋጩን አጥብቆ ተቃወመ። በ1893 ሥራው ለተለዋዋጭ ከረንት ተሰጠ፤ ኋላ ላይ ራሱም ተቀበለው።

በ1892 ሎርድ ሲባል ስሙን በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ከሚያልፈው ከኬልቪን ወንዝ ወሰደ። በ1899 ጡረታ ወጣና እዚያው ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተማሪ ብሎ ተመዘገበ። የድሮው ወርክሾፕ ደግሞ በ1900 ኬልቪንና ጄምስ ኋይት የሚባል ኩባንያ ሆነ። ሎርድ ኬልቪን በዲሴምበር 1907 አረፈ፤ ዌስትሚንስተር አቢ ውስጥ ከኒውተን መቃብር አጠገብ ተቀበረ።