ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን

ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን (ማርች 19 ቀን 1860 – ጁላይ 26 ቀን 1925 እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ፖለቲከኛ፣ ጠበቃና ስመ ጥር ተናጋሪ ነበሩ። ሦስት ጊዜ የዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሆነው ተወዳድረው ሦስቱንም ጊዜ ተሸንፈዋል። ዛሬ ግን ይበልጥ የሚታወቁት በዝግመተ ለውጥ ትምህርት ላይ ባካሄዱት ዘመቻና በ1925 በተደረገው የስኮፕስ ችሎት ነው። ምድር የጥቂት ሺህ ዓመታት ዕድሜ ብቻ አላት ብለው ያምኑ እንደነበር ብዙ ጊዜ ቢነገርም፣ ይህን አመለካከት አይከተሉም ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

ብራያን በኢሊኖይ ግዛት በሴለም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሳይለስ ብራያን ዳኛ ነበሩ። ብራያን በ1881 ከኢሊኖይ ኮሌጅ ከተመረቁ በኋላ በቺካጎ ሕግ ተማሩ። በ1884 ሜሪ ቤርድን አገቡ፤ በ1887 ወደ ነብራስካ ግዛት ተዛውረው በሊንከን ከተማ በጥብቅና ሠሩ። በ1890 ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ።

የፖለቲካ ሕይወት

በ1896 በቺካጎ በተካሄደው የፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ በዕዳ ለተያዙት ገበሬዎች ጥብቅና የቆመ ንግግር አደረጉ። የአገሪቱ ገንዘብ በወርቅ ብቻ ሳይሆን በብር ማዕድንም እንዲደገፍ ጠየቁ። በዚህ ንግግር ዝና አግኝተው በ36 ዓመታቸው ዕጩ ሆኑ። በ1896 እና በ1900 በዊሊያም ማኪንሊ፣ በ1908 ደግሞ በዊሊያም ታፍት ተሸነፉ።

በ1913 ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። ዊልሰን በጀርመን ላይ የያዙት አቋም አገሪቱን ወደ ጦርነት ይመራል ብለው ስለሠጉ በ1915 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። የገቢ ግብር እንዲጣል፣ የሴኔት አባላትን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥና ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲኖራቸው ደግፈዋል። እነዚህ ሁሉ በሕይወት ሳሉ በሕገ መንግሥቱ ጸድቀዋል።

የዝግመተ ለውጥ ተቃውሞ

ብራያን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዝግመተ ለውጥ ትምህርት ላይ ሰፊ ዘመቻ ጀመሩ። ዋና ጭንቀታቸው የምድር ዕድሜ ሳይሆን የሰው ክብር ነበር። ሰው ከእንስሳ የመጣ ነው የሚለው ትምህርት ወጣቶችን ከእምነት ያርቃል፣ ጉልበተኛው ደካማውን እንዲያጠፋም ምክንያት ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። ለጀርመን ጦረኝነትም ይህን አስተሳሰብ ተጠያቂ ያደርጉ ነበር። ሁለተኛው መከራከሪያቸው ደግሞ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት በግብር ከፋዩ ገንዘብ ስለሆነ የሚሰጠውን ትምህርት ብዙኃኑ ሕዝብ ሊወስን ይገባል የሚል ነበር።

በ1922 በኬንታኪ ግዛት የዝግመተ ለውጥን ትምህርት ለመከልከል የቀረበው ረቂቅ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። በ1925 ግን ቴነሲ በትለር ሕግ የተባለውን አጸደቀች። ሕጉ ሰው ከበታች እንስሳት መጣ ብሎ የሚያስተምር የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር ከ100 እስከ 500 ዶላር እንዲቀጣ ይደነግጋል። ብራያን ሕጉን ቢደግፉም ቅጣት እንዳይኖረው መክረው ነበር።

የስኮፕስ ችሎት

የሲቪል ነጻነቶችን የሚያስከብር አንድ ማኅበር ሕጉን በፍርድ ቤት ለመፈተን ፈቃደኛ መምህር እንደሚፈልግ በጋዜጣ አስነገረ። በዴይተን ከተማ የ24 ዓመቱ መምህር ጆን ስኮፕስ ለመከሰስ ተስማሙ። ብራያን ከዐቃቤ ሕግ ጎን ቆሙ፤ ለተከሳሹ ደግሞ ዝነኛው ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ተሟገቱ። ችሎቱ ጁላይ 10 ቀን ተጀመረ፤ በሬዲዮም በቀጥታ ተላለፈ።

ዳኛው ሳይንቲስቶች በጁሪው ፊት እንዳይመሰክሩ በመከልከላቸው፣ ዳሮው ራሳቸውን ብራያንን ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ምስክር አድርገው ጠሩ። ጁላይ 20 ቀን ከፍርድ ቤቱ ውጭ በሣር ሜዳ ላይ ጥያቄና መልሱ ተካሄደ። ዳሮው ፍጥረትን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ያደረገውን የጳጳሱን የጄምስ አሸርን ስሌት አነሡ። (በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ይህ ዘመን 5500 ዓመት ነው።) ብራያን የአሸርን ስሌት አምነው አልተከራከሩም። በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፉት ስድስቱ ቀናት የ24 ሰዓት ቀናት ላይሆኑ እንደሚችሉ፣ ይልቁንም ረጅም ዘመናት ሊሆኑ እንደሚችሉ ተናገሩ። በማግስቱ ዳኛው ይህን ምስክርነት ከመዝገብ ሰረዙት። ዳሮውም ይግባኝ ለማለት እንዲመቻቸው ጁሪው ስኮፕስን ጥፋተኛ እንዲል ጠየቁ፤ በዚህም ብራያን ያዘጋጁትን የመዝጊያ ንግግር ሳያሰሙ ቀሩ። ስኮፕስ 100 ዶላር ተቀጡ።

ሞትና ከዚያ በኋላ

ችሎቱ ካበቃ ከአምስት ቀናት በኋላ ብራያን በዴይተን በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ዐረፉ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብርም ተቀበሩ። በ1927 የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀጮውን የወሰነው ጁሪው ሳይሆን ዳኛው በመሆኑ ፍርዱን ሻረ፤ ሕጉን ግን አጸና። የበትለር ሕግ የተሻረው በ1967 ነው።

በችሎቱ መነሻነት የተጻፈው ተውኔት በ1955፣ ፊልሙም በ1960 ሲወጣ በብራያን አምሳል የተሣለው ገጸ ባሕርይ ግትርና ጠባብ ሰው ሆኖ ቀረበ። የወጣት ምድር አመለካከት በአሜሪካ ወንጌላውያን ዘንድ በሰፊው የተስፋፋው ከብራያን ሞት ብዙ ዓመታት በኋላ፣ በተለይም በ1961 የጆን ዊትኮምና የሄንሪ ሞሪስ መጽሐፍ ከታተመ ወዲህ ነው። የጋሉፕ ድርጅት በ1982 ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ እግዚአብሔር ሰውን ባለፉት 10,000 ዓመታት ገደማ ውስጥ አሁን ባለው መልኩ ፈጠረው ያሉ አሜሪካውያን 44 በመቶ ነበሩ፤ በ2024 ደግሞ 37 በመቶ ሆነዋል።