ሌኮርቡዚዬና ያልተሠሩት ንድፎቹ

የመኪና መለዋወጫ ፈልጎ ሶማሌ ተራ የገባ ሰው ዓይኑ በሱቆቹ ደጃፍ በተደረደረው ዕቃ ላይ ስለሚያርፍ መንገዱን ልብ ብሎ አያየውም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መርካቶ እምብርት ሲዘልቅ ግን መንገዶቹ ቀጥ ብለው ተዘርግተው፣ እርስ በርስ እየተቋረጡ፣ የአዲስ ከተማን ሠፈር በአራት ማዕዘን ሲከፋፍሉት ይታያል። ይህ መልክ በገበያተኛው ፈቃድ የመጣ አይደለም። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን የአገሩን ተወላጅ ከኤውሮፓውያን ለይቶ ለማስፈር ከወጣው ፕላን የተወለደ ነው። የፕላኑ አዘጋጆች ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ ኢጣሊያውያን ነበሩ። ያንኑ ሥራ ፈልጎ ያጣ ሌላ ሰው ደግሞ ነበር፤ እሱም በሃያኛው ምዕት ዓመት ሥነ ሕንፃ ታላቅ ስም ያተረፈው ሌኮርቡዚዬ ነው። (ከዚህ በታች ዘመኑ የሚቆጠረው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሌኮርቡዚዬ በ1887 ዓ.ም. ላ ሾ ደ ፎን በተባለች የስዊስ የሰዓት ሠሪዎች ከተማ ተወለደ። የወላጆቹ መጠሪያ ሻርል ኤድዋር ዣንሬ ነበር። አባቱ የሰዓት ገጽ አስጊያጭ፣ እናቱ የፒያኖ መምህርት ነበሩ። እሱም በመጀመሪያ የተማረው የሰዓት ቀፎ መቅረጽን ነው። የሥነ ሕንፃ ዲፕሎማ አልነበረውም፤ ሙያውን የቀሰመው ፓሪስ በፔሬ፣ በርሊን አጠገብ ደግሞ በቤህሬንስ ቢሮ በረዳትነት እየሠራ ነው። በ1917 ዓ.ም. ፓሪስ ተቀመጠ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በዓለም የታወቀበትን ስም ያዘ።

ስሙ ገና በመግነን ላይ ሳለ የመንግሥታት ማኅበር ጄኔቭ ላይ ለሚያሠራው መናገሻ የዓለምን አርክቴክቶች ለውድድር ጠራ። በ1927 ዓ.ም. ለዳኞቹ የቀረበው ንድፍ 377 ነበር። ዳኞቹ አንድ አሸናፊ መምረጥ ስላቃታቸው የመጀመሪያውን ሽልማት ለዘጠኝ ንድፎች እኩል አካፈሉት። ሌኮርቡዚዬ ከዘመዱ ከፒዬር ዣንሬ ጋር ያቀረበው ንድፍ ከዘጠኙ አንዱ ነበር። ከድሉ ደጃፍ በደረሰበት ሰዓት ግን ሥዕሉ በእጅ በቀለም የተሠራ ሳይሆን በማተሚያ የተባዛ ነው የሚል ምክንያት ተነሣበት። ውሳኔው ወደ ዲፕሎማቶች ኮሚቴ ተላለፈና ሥራው ለነኖና ለባልንጀሮቻቸው ተሰጠ።

እስከ መጨረሻው ዙር ደርሶ መውደቅ ከጅምሩ ከመውደቅ ይልቅ ያንገበግባል። የመጀመሪያው ሰው አቅሙን ይጠራጠራል፤ ሁለተኛው ግን አቅሙ ተመስክሮለት ዕድሉን ይነጠቃል። ሌኮርቡዚዬ አቤቱታ አቀረበ፤ ሰሚ አላገኘም። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ለባለሙያ ትምህርት አለው። በ1928 ዓ.ም. ንድፉን በመጽሐፍ አድርጎ ለሕዝብ ዳኝነት አቀረበው። በዚያው ዓመት ላ ሳራ ላይ ከተሰበሰቡ አርክቴክቶች ጋር የዘመናዊ ሥነ ሕንፃን ዓለም አቀፍ ጉባኤ መሠረተ። ጠቅላላ ሥራዎቹን ማሳተም ሲጀምርም ያልተሠሩትን ንድፎች ከተሠሩት ጋር እኩል አሰለፋቸው። ለእሱ የወደቀ ንድፍ ቀኑን የሚጠብቅ ሥራ ነበር።

ውድቀቱ ግን ተደጋገመ። ለሞስኮው የሶቪየቶች ቤተ መንግሥት ያቀረበው ንድፍ በ1932 ዓ.ም. ተጣለ። ለአልጀርስ ከተማ ከአሥር ዓመት በላይ የደከመበት ፕላንም በ1942 ዓ.ም. ተቀባይነት አጣ። በዚህ ረኀብ ውስጥ ነበር ዓይኑን ወደ ኢትዮጵያ የመለሰው። በ1936 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በዚያው በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ወገናቸው አቤት አሉ፤ እሳቸውም ሰሚ አላገኙም። በጄኔቭ ደጅ ተገፍቻለሁ ሲል የኖረው አርክቴክት በዚያው ዓመት ለተገፋችው አገር አላዘነም። ለአዲስ አበባ አዲስ ፕላን ነድፎ ለኢጣሊያ ባለሥልጣኖች ላከ። ከተማይቱን አይቷት አያውቅም፤ በንድፉም ላይ ነባሩን ሠፈር፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ገበያውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር፣ እንደ ባዶ ሜዳ ቀጥ ያለ ሰፊ ጎዳና ሰደደባት። ኢጣሊያኖቹ አልተቀበሉትም፤ ሥራውን ለራሳቸው ሰዎች ሰጡ። ሌኮርቡዚዬ በጦርነቱም ጊዜ ሥራ ፍለጋ በቪሺ መንግሥት ደጅ ጠንቷል።

የጠበቀው ቀን የመጣው በ63 ዓመቱ ነው። ነጻነቷን ያገኘችው ህንድ ለፑንጃብ ክፍለ ሀገር አዲስ ዋና ከተማ ልታሠራ ስትነሣ የመጀመሪያው ምርጫዋ እሱ አልነበረም። ሥራው ለአሜሪካዊው ማየርና ለፖላንዳዊው ኖቪትስኪ ተሰጥቶ ነበር። ኖቪትስኪ በ1950 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ሌኮርቡዚዬ ተጠራና ከፒዬር ዣንሬ፣ ከማክስዌል ፍራይና ከጄን ድሩ ጋር ቻንዲጋርን ሠራ። በአልጀርስ በወረቀት ላይ የቀረው የፀሐይ መከላከያ ክንፍ በቻንዲጋር የጽሕፈት ቤቶች ሕንፃ ላይ በቤቶን ቆመ። ሌኮርቡዚዬ በነሐሴ 1965 ዓ.ም. በ77 ዓመቱ በደቡብ ፈረንሣይ ባሕር ሲዋኝ ሞተ። ከሥራዎቹ መካከል በሰባት አገሮች የሚገኙ 17ቱ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

የዚህ ሰው ሕይወት ሥራ ለተነፈገ መሐንዲስ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው የወደቀን ንድፍ አለመጣል ነው፤ ዳኛ ይሳሳታል፣ ዘመንም ይለወጣል። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ይከብዳል። ደጋግሞ የተገፋ ሰው የሚያንኳኳውን ደጅ መምረጥ ያቆማል። ሌኮርቡዚዬ ጄኔቭ ላይ ያጣው ሥራ ክብሩን አልቀነሰውም፤ አዲስ አበባ ላይ የለመነው ሥራ ግን ባይሰጠውም ቀነሰው። በዚያን ዓመት እንቢ መባሉ ለእሱም ለከተማይቱም በጎ ነበር ማለት ይቻላል።

ሕዝብን ለመለየት የተቀየሰው ሠፈርም እንደ ቀያሾቹ አሳብ አልቀረም። ነጋዴው ሠፈሩን በየተራው ከፋፍሎ ስም አወጣለት፤ በቀጥተኞቹ መንገዶች ላይ የአገሪቱን ታላቅ ገበያ አቆመ። ዛሬ ሶማሌ ተራ ላይ ከአሮጌ ሞተር ደኅናውን ክፍል ለይቶ የሚያወጣ ሰው፣ የተጣለ ነገር ሁሉ የማይረባ እንዳልሆነ ያውቃል።