ኤዶአርዶ ዌበር፡ ለትንንሽ ሞተሮች ትንፋሽ ሰጥቶ ደብዛው የጠፋው ጣሊያናዊ

የሰሜን ጣሊያኗ ቦሎኛ ከናዚ ጀርመን ጦር ነጻ የወጣችው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በኤፕሪል 1945 ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በሜይ ወር፣ ከከተማዋ የታወቁ የፋብሪካ ባለቤቶች አንዱ የነበረው ኤዶአርዶ ዌበር ደብዛው ጠፋ። ዕድሜው 55 ነበር። አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስሙ ግን በብዙ አገሮች በተነዱ መኪኖች ሞተር ላይ በብረት ተቀርጾ ቀርቷል።

ዌበር በ1889 በቱሪን ተወለደ። የፊያት ኩባንያ በዚያችው ከተማ በ1899 ሲቋቋም እሱ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በ1914 የፊያት ሠራተኛ ሆነ፤ ቆይቶም የኩባንያውን መኪኖች ወደሚሸጥ የቦሎኛ ድርጅት ተዛወረ። ፋብሪካው በደንበኛው እጅ የሚገባው መኪና ምን እንደሚጎድለው በቅርብ ለማየት የቻለው በዚህ ሥራው ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጣሊያን የቤንዚን ዋጋ ናረ። የጭነት መኪና ባለንብረቶች የሚያገኙትን ገቢ ነዳጅ ይበላባቸው ጀመር። ዌበር ለዚህ ችግር ያቀረበው መፍትሔ አዲስ መኪና መግዛትን የሚጠይቅ አልነበረም። በቤንዚን የሚሠራውን ሞተር በርካሹ ነጭ ጋዝ እንዲሠራ የሚያደርጉ መለዋወጫዎችን አዘጋጅቶ ሸጠ፤ ገበያውም ቀናው። ያለውን ሞተር በማሻሻል ባለቤቱን ከወጪ ማዳን የሕይወቱ ሥራ መነሻ ሆነ።

በ1923 በቦሎኛ የራሱን የካርቡሬተር ፋብሪካ አቋቋመ። ካርቡሬተር አየርንና ቤንዚንን አደባልቆ ወደ ሞተር የሚልክ ዕቃ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ያልፋል፤ በጥበቱም የተነሣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ቤንዚኑ በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም በኖ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ደግሞ በጉሮሮው ውስጥ ያለች ክብ ዝርግ ብረት ትዞርና ለአየሩ መንገድ ትከፍታለች።

ችግሩ ያለው በጉሮሮው ስፋት ላይ ነው። ጠባብ ጉሮሮ ቤንዚን ይቆጥባል፣ መኪናው በዝግታ ሲሄድም ሞተሩ ሳይንገጫገጭ እንዲሠራ ያደርጋል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ግን ሞተሩን ያፍነዋል። ሰፊው ጉሮሮ ለፍጥነት ይመቻል፤ በዝግታ ጉዞ ጊዜ ግን የአየሩ ፍጥነት ስለሚወርድ ቤንዚኑ በደንብ አይበንም። ቆጣቢነትንና ጉልበትን በአንድ ቀዳዳ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ዌበር በዚህ ጉዳይ ቀዳሚ የሆነበት መፍትሔ በአንድ ካርቡሬተር ላይ ሁለት ጉሮሮ ማበጀት ነበር። ትንሹ ለዘወትር ጉዞ ያገለግላል፤ ትልቁ ነጂው ተጨማሪ ጉልበት ሲፈልግ ይከፈታል። ፋብሪካው በዚያ ዘመን የፊያት መኪኖችን ነዳጅ ቆጣቢ ለማድረግ የሚገጠሙ ዕቃዎችን ያቀርብ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ጉሮሮዎች የተገጠሙላቸውን ካርቡሬተሮች ለእሽቅድምድም መኪኖች ሠራ። ማሴራቲና አልፋ ሮሜዮ ተጠቀሙባቸው። ነጭ ጋዝ ለሚያነዱ የጭነት መኪኖች በማሰብ ሥራውን የጀመረው ሰው የእሽቅድምድም ሜዳዎችን ተቆጣጠረ።

ይህ ስኬት ግን ከ1945ቱ ዕጣ አላዳነውም። ጦርነቱ እንዳበቃ በሰሜን ጣሊያን ያለ ፍርድ የሚፈጸሙ ግድያዎችና የበቀል እርምጃዎች ተበራክተው ነበር፤ ዌበር የጠፋውም በዚያው ሰሞን ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1947፣ የፌራሪን ስም ይዞ የወጣው የመጀመሪያው መኪና ሦስት የዌበር ካርቡሬተሮች ተገጥመውለት ነበር። መሥራቹ ግን ይህንን ለማየት አልታደለም። በ1952 ፊያት የፋብሪካውን አመራር ተረከበ።

የዌበር ሥራ ወደ አፍሪካ ቀንድም ደርሷል። በ1955 ለገበያ የቀረበው፣ በሕዝብ ዘንድ በሴቼንቶ ስሙ የሚታወቀው ፊያት 600፣ በትንሿ ባለ 633 ሲሲ ሞተሩ ላይ የዌበር ካርቡሬተር ተገጥሞለት ነበር። ይህቺ መኪና በአዲስ አበባም በአስመራም ጎዳናዎች ለብዙ ዓመታት አገልግላለች። በአካባቢው ጋራዦች ዛሬም የሚነገሩት ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና ካንዴላ የሚሉት ቃላት የመጡት ከዚያው ከጣሊያንኛ ነው።

አሁን በአዳዲስ የመኪና ሞተሮች ላይ ካርቡሬተር የለም። ቤንዚኑ በኮምፒውተር ትእዛዝ ይረጫል፤ የአየሩን መንገድ የምትከፍተው ክብ ብረት ግን ትሮትል ቦዲ በሚባለው ዕቃ ውስጥ ቦታዋን ይዛ ቀጥላለች። የቆዩ መኪኖችን በቤታቸው የሚያድሱ ሰዎች የሚገጥሟቸው አንዳንድ ትሮትል ቦዲዎች በዌበር ካርቡሬተር የብሎን ቀዳዳዎች ልክ የተሠሩ ናቸው። አሮጌው ሲፈታ አዲሱ በዚያው ቦታ ይታሰራል።

የትንሽ መኪናውን ትሮትል ቦዲ በሰፊው ለሚለውጥ ሰው የዌበር ሥራ አሁንም ትምህርት አለው። አየር ማጣሪያው፣ የጭስ ማውጫውና የኮምፒውተሩ የነዳጅ መጠን እንደነበሩ ከቀሩ የበሩ መስፋት ብቻውን የሚጨምረው ጉልበት እጅግ ጥቂት ነው። ፔዳሉ ቁጡ ይሆናል፤ መኪናው ቆሞ ሲሠራም ሞተሩ ሊዋዥቅ ይችላል። ዌበር ሁለት ጉሮሮዎችን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ሞተር የሚያስፈልገው የትንፋሽ መጠን እንደ ሥራው ክብደት እንደሚለያይ ስለተረዳ ነው።