የመቶ ዶላሩ ሰውዬና የጭስ ማውጫው

መቶ ዶላር እጃችሁ ባይገባም በስልካችሁ ሳታዩት አትቀሩም። ኖቱ ላይ ያለው፣ ግንባሩ ገላጣ፣ ፀጉሩ ግን ከጎን የረዘመው ሰውዬ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ብዙ ሰው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረ ይመስለዋል፤ አልነበረም። ዛሬ ስለ ፖለቲካውም ስለ መብረቁም አላወራም። የማወራው ቤት ለማሞቅ ስላደረገው ትግል ነው።

ፍራንክሊን በፈረንጆቹ 1706 ቦስተን ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ ሲሆን 17 ልጆች ነበሩት። ልጁ ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በ12 ዓመቱ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ሙያ ሊለምድ ገባ፤ አልስማማ ሲሉ ግን በ17 ዓመቱ ጠፍቶ ፊላደልፊያ ሄደ። እዚያ የራሱን ማተሚያ ቤት ከፍቶ ሀብት አፈራ።

የፊላደልፊያ ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ያኔ ቤት የሚሞቀው ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ክፍት ምድጃ ነበር። ችግሩ ምን መሰላችሁ? እሳቱ የክፍሉን ሞቃት አየር ይዞ በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይሄዳል። በምትኩ ቀዝቃዛ አየር በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ሰው ፊቱ እየተለበለበ ጀርባው ይንቀጠቀጣል። በከተማው ዙሪያ ያለው እንጨት እየተመናመነ ስለነበር ዋጋውም ይወደዳል። በአጭሩ፣ ገንዘብ በጭስ ማውጫ እየወጣ ነበር።

ፍራንክሊን እሳቱን ከማሳደግ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፦ አየሩ በየት ይግባ፣ በየትስ ይውጣ? በ1740ዎቹ መጀመሪያ የብረት ምድጃ ነደፈ። ቀዝቃዛው አየር ከውጭ በወለሉ ሥር ይመጣል፤ ከእሳቱ ጀርባ ባለ የብረት ሳጥን ውስጥ እየተጠማዘዘ ይሞቃል፤ ከዚያ በግራና በቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች ወደ ክፍሉ ይገባል። እሳቱ የሚወስደውን አየር የሚተካው የሞቀ አየር ሆነ ማለት ነው።

በ1744 አሠራሩን በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የፔንሲልቫኒያ ገዢ ምድጃውን ብቻውን እንዲሸጥ መብት ልስጥህ አለው። ፍራንክሊን እምቢ አለ። እኛ በሌሎች ፈጠራ እንደምንጠቀም ሁሉ የእኛንም በነፃ መስጠት አለብን ብሎ ያምን ነበር። አንድ የለንደን ብረታ ብረት ነጋዴ ግን ጥቂት ቀያይሮ መብቱን በራሱ ስም አስመዘገበና ገንዘብ ሠራበት።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለው ክፍል። ምድጃው ስህተት ነበረበት። ፍራንክሊን መግቢያውን አስተካክሎ መውጫውን ሳተ። ጭሱ ወደ ጭስ ማውጫው ለመድረስ መጀመሪያ ወደ ታች መውረድ ነበረበት። ሞቃት ነገር ግን መውጣት እንጂ መውረድ አይወድም። ምድጃው ገና ሳይግል ሲቀር ጭሱ ተመልሶ ቤቱን ይሞላዋል። ስለዚህ ብዙም አልተሸጠም። በኋላ ዴቪድ ሪተንሃውስ የሚባል የዚያው ከተማ ሳይንቲስት ጭሱ ሽቅብ እንዲወጣ አድርጎ አስተካከለው። ስሙ ግን እስከ ዛሬ የፍራንክሊን ምድጃ ነው።

የአየር ነገር ከሰውዬው አልወጣም። በ1776 ከጆን አዳምስ ጋር ለድርድር ሲጓዙ፣ ማደሪያ ጠፍቶ አንድ አልጋ ተጋሩ። አዳምስ ብርድ ፈርቶ መስኮቱን ዘጋ፤ ፍራንክሊን ክፈተው አለ። ጉንፋን የሚይዘን በብርድ አይደለም፣ በታፈነ ክፍል ከሌላ ሰው ነው እያለ ያብራራ ጀመር። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው አዳምስ ትንታኔው ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰደው።

ፍራንክሊን በ1790፣ በ84 ዓመቱ ሞተ። ጥያቄው ግን አልሞተም። ሚኒሶታ ወይም ዲሲ ያላችሁ፣ የሞቀ አየር ማውጫዋ ብዙ ጊዜ መስኮት ሥር የምትሆነው ብርዱ በሚመጣበት እንድትቀበለው ነው፤ ሶፋ አትደርድሩባት። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ጭስ ባይታይም፣ ሽታ ባይኖርም የከሰል ጋዝ ይገድላል። ሙቀት ከመፈለጋችሁ በፊት መውጫውን አስቡ። ፍራንክሊንን የሚያህል ሰው እንኳ የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው።