የተሰወረውን ኢንሱሊን የለኩት ሮዛሊን ያሎው

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አብዛኞቹ ሐኪሞች የስኳር በሽታ መነሻው የኢንሱሊን እጥረት እንደሆነ ያምኑ ነበር። በጥቂት ደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን በትክክል የሚለካ ዘዴ ግን አልነበረም።

ይህን ዘዴ ካበረከቱት ሁለት ተመራማሪዎች አንዷ ሮዛሊን ያሎው፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1921 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለዱ። ወላጆቻቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አልቀሰሙም። እርሳቸው ግን ፊዚክስን መረጡ። በ1941 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ኮሌጅ ሲገቡ፣ ከ400 ገደማ መምህራንና ረዳት መምህራን መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። በ1945 ዶክትሬታቸውን ያዙ።

ከዚያም በብሮንክስ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረችን ጠባብ ክፍል ቤተ ሙከራ አደረጓት። በ1950 ሐኪሙ ሰለሞን በርሰን ተቀላቀሏቸው። ሁለቱ ኢንሱሊን የተወጉ ሕሙማን ሰውነት መድኃኒቱን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል እንደሚያመነጭ ደረሱበት። ግኝቱ የዘመኑን እምነት ስለሚጻረር ታዋቂ የሳይንስ መጽሔቶች ጽሑፋቸውን መለሱባቸው። በ1956 ለኅትመት በቃ።

ያንኑ ፀረ እንግዳ አካል መለኪያ አደረጉት። ጨረር የሚያመነጭ ኢንሱሊንና የሕመምተኛው ኢንሱሊን ፀረ እንግዳ አካሉ ላይ ለመጣበቅ ይሻማሉ፤ የሕመምተኛው በበዛ መጠን የሚጣበቀው ባለ ጨረር ኢንሱሊን ያንሳል።

ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። በጉልምስና ዕድሜ የስኳር በሽታ የያዛቸው ብዙዎች፣ ስኳር ከጠጡ በኋላ በደማቸው የተገኘው ኢንሱሊን ከጤነኞቹ የበለጠ ሆነ። ችግሩ የኢንሱሊን ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውነት ለኢንሱሊን ትእዛዝ በሚገባ አለመታዘዙም ነበር። ቆሽት ይህን ለማካካስ አብዝታ ታመነጫለች፤ ስትደክም የደም ስኳር ከቁጥጥር ይወጣል። ኢንሱሊን ስብ እንዲከማች የሚያዝዝ፣ የተከማቸውም እንዳይቀልጥ የሚገታ ሆርሞን በመሆኑ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትን የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም በዚሁ መለኪያ ተጠቀሙ።

ሁለቱ በዘዴው መበልጸግ ሲችሉ የባለቤትነት መብት አልጠየቁም፤ ማንኛውም ቤተ ሙከራ እንዲገለገልበት ለቀቁት። በርሰን በ1972 በ53 ዓመታቸው በድንገት አረፉ። ያሎው ቤተ ሙከራውን በባልደረባቸው ስም ሰየሙት፤ ከዚያ በኋላ ባሳተሟቸው ጥናቶችም የበርሰን ስም አብሮ እንዲታተም አደረጉ። በ1977 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ሲጋሩ፣ በዘርፉ የተሸለሙ ሁለተኛዋ ሴት ሆኑ። ሽልማቱ ለሞቱ ሰዎች ስለማይሰጥ በርሰን አልተካተቱም።

ያሎው በ2011፣ በ89 ዓመታቸው፣ በተወለዱባት ከተማ አረፉ።