ዲዮስቆሪዶስ፦ ከእቶን አቧራ መድኃኒት የለየ ሐኪም

በቤይሩት ሳብራ ሰፈር ያረጀ ብረት ሰብሳቢዎች ጋሪያቸውን እየገፉ ያልፋሉ፤ በአገራችን ቁራሌው የምንላቸው ዓይነት ናቸው። ከሊባኖስ የሚወጣው ቁርጥራጭ ብረት ብዙው በባሕር ወደ ቱርክ ተጭኖ በኤሌክትሪክ እቶን ይቀልጣል። ከእቶኑ የሚነሣው አቧራም በውስጡ ዋጋ ያለው ማዕድን አለው። ከእቶን ጭስ የሚለቀም ብናኝ ጥቅም እንዳለው ቀድመው በጽሑፍ ካቆዩልን ሰዎች አንዱ ሐኪሙ ዲዮስቆሪዶስ ነው።

ዲዮስቆሪዶስ የተወለደው በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኪልቅያ ምድር፣ በአናዛርቦስ ከተማ ነው። ኪልቅያ የሐዋርያው ጳውሎስ የትውልድ ከተማ ጠርሴስ የምትገኝባት አገር ስትሆን፣ ዛሬ የደቡብ ቱርክ ክፍል ናት። በስም የሚቀራረበው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ ዲዮስቆሮስ ከእርሱ ከ300 ዓመት በላይ ዘግይቶ የኖረ ሌላ ሰው ነው።

ሐኪሙ ብዙ አገር ዞሯል። ያየውን በዓይኑ እያረጋገጠ፣ ያላወቀውንም የአገሬውን ሰው እየጠየቀ ባለ5 ክፍል የመድኃኒት መጽሐፍ በግሪክኛ ጻፈ። መጽሐፉ 600 ያህል ዕፅዋትን ሲገልጽ፣ አምስተኛው ክፍል ስለ ማዕድናትም ይናገራል።

በዚሁ ክፍል የቆጵሮስን የመዳብ ማቅለጫ ይተርካል። እቶኑ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ጭሱ በቀዳዳ ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል። ቀላሉና ነጩ ብናኝ እንደ ባዘቶ በግድግዳውና በጣሪያው ላይ ይያዛል፤ ከባዱና ጠቆር ያለው ከጥላሸት ጋር ወለሉ ላይ ይወድቃል። ነጩ በጨርቅ ተቋጥሮ በዝናብ ውኃ ከታጠበ በኋላ ለዓይን ሕመም መድኃኒት ይሆናል።

በዘመኑ የነበሩ ግሪኮች ዚንክን ራሱን የቻለ ብረት አድርገው አያውቁትም ነበር። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ ይተንናል፤ ከአየር ጋር ሲገናኝም ነጭ ብናኝ ሆኖ ይቀራል። ሐኪሙ የገለጸው ይህንኑ ነበር።

ዲዮስቆሪዶስ እ.ኤ.አ. በ90 ገደማ አረፈ። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢስጢፋን ኢብን ባሲል መጽሐፉን በባግዳድ ወደ ዐረብኛ መለሰው፤ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅም አረመው። ኢስጢፋን ትርጉማቸውን ያላገኘላቸውን የግሪክ ስሞች በመላ ሳይተረጉም እንዳሉ ተዋቸው፤ የሚያውቅ ሰው በኋላ ይመጣል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ነጩ ብናኝ በዐረብኛ ቱቲያ ተባለ፤ ይህ ስም በቱርክኛም ለዚንክ ይነገራል።

ዛሬ አንድ ቶን ብረት በኤሌክትሪክ እቶን ሲቀልጥ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም አቧራ ይወጣል። በቤታችን ክዳን ቆርቆሮ ላይ የተለበጠው ዚንክ በዚህ አቧራ ውስጥ ይገኛል። አቧራው ከኮክ ከሰል ጋር በሚሽከረከር ረጅም እቶን ሲግል ዚንኩ ተንኖ ይለያል፤ ብናኙም በማጣሪያ ይሰበሰባል። ከአናዛርቦስ ፍርስራሽ ብዙም በማትርቀው በኢስከንደሩን ከተማ ይህን የሚሠራ ፋብሪካ አለ።

አቧራው እርሳስና ካድሚየምም ስላለበት፣ ሜዳ ላይ ቢጣል ውኃንና አፈርን ይበክላል፤ በአጠገቡ የሚሠራውንም ይጎዳል። ስለዚህ ዚንኩን መልሶ ማውጣት ትርፍ ብቻ ሳይሆን ጤናን መጠበቅም ነው። ሐኪሙ ከ1900 ዓመት በፊት ብናኙን በጥንቃቄ ለይቶ ማጠብን ያስተማረው ለሰው ጤና ሲል ነበር፤ የዛሬው ሥራም ከዚህ ዓላማ መራቅ የለበትም።